የሮርላክ ቴሌግራም

ኦገስት 5፣ ረቡዕ

ከጀርመን ጋር ጦርነት ታወጀ። ወሬውን ወደ ኮረብታችን ያመጣው ወተት አመላላሹ ዱጋን ነው። ከጋሪው ሳይወርድ፣ «በቃ፣ ገብተንበታል። እንግሊዝ ከገባች ግዛቷ ነንና እኛም ገባን ማለት ነው» አለኝ። ከዚያ በአገጩ ወደ ጎረቤቴ በር እያመለከተ፣ «ለእነዚያስ ልቅዳላቸው ወይስ ልተው?» ብሎ ጠየቀኝ። ቅዳ አልኩት። ምን ብዬ ልከልክለው?

የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያችን ሥራ እንደወትሮው ዋለ። ዲሬክተራችን ሚስተር ኦልዳከር ሁላችንንም ሰብስበው፣ ከዋክብት ስለ ጦርነት የሚያውቁት ነገር የለም፣ እኛም በሥራ ሰዓት ባናውቅ ይሻላል አሉን። የሰማይ ፎቶግራፍ የተነሳባቸውን መስታወቶች በማጉያ የምትለካው ሚስ ፓስኮ፣ «መንግሥትስ ስለ እኛ የሚያውቀው ነገር አለ?» አለች። ማንም አልሳቀም። ጣቢያው ይዘጋል የሚል ወሬ ሳይነሳ ያለፈ ዓመት የለም።

ጎረቤቴ ሮርላክ የጣቢያው አንደኛ ረዳት ነው። ሰባት ሰዓት ሲሆን እንደ ሁልጊዜው ማማው ላይ ወጥቶ ከምሰሶው ጫፍ ቁልቁል የሚለቀቀውን የሰዓት ምልክት ኳስ ጣለ፤ ወደቡ ላይ ያሉት መርከቦች ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉት በዚያ ነው። እጁን አየሁት፤ አልተንቀጠቀጠም። ጀርመን አገር የተወለደ ሰው በዚህ ቀን እጁ ካልተንቀጠቀጠ ምን ማለት ነው? የሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው የመጣሁት ይላል። ይላል እንግዲህ።

ኦገስት 9፣ እሑድ

የእኛና የሮርላክ ቤት በአንድ ግድግዳ የተለያየ ነው። የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያችን አንድ፣ ልብስ ማጠቢያችን አንድ። ዛሬ ጠዋት እሱና ሚስቱ ሊና በጀርመንኛ ሲዘምሩ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አደረግኩ። ባለቤቴ አዳ ከኋላዬ ደረሰችብኝ።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«እየሰማሁ።»

«ያው የእሑድ መዝሙራቸው ነው እኮ። አምና አብረሃቸው ታንጎራጉር አልነበር?»

«ያኔ ምን እንደሚሉ አላውቅም ነበር።»

«አሁን አወቅክ?»

ባለቤቴ ነገር መጨረስ ትችልበታለች። ከሰዓት በኋላ ሊና በትንሿ ልጇ በትሩዲ እጅ የፖም ኬክ ላከችልን። አዳ በላች። እኔ ሆዴን ቆርጦኛል ብዬ ተውኩት። ማታ ግን አንድ ቁራሽ ቀመስኩ፤ ሊጣል ነው ብዬ።

ኦገስት 17፣ ሰኞ

ዝናብ። ትልቁ ሰዓት ዘገየ፤ ብርዱ ነው። ዲሬክተሩ ጉንፋን ይዟቸው ተኝተዋል። ሁለት ወታደሮች መጥተው የቴሌግራፍ መስመራችንን ፈተሹ። ሮርላክን ስምህን ፊደል በፊደል ንገረን አሉት። ነገራቸው። እኔን ጠየቁኝ፤ ናንኪቬል ስላቸው አንደኛው፣ «ይሄኛውስ ብሶ የለም እንዴ?» ብሎ ሳቀ። የኮርንዎል ስም ነው፣ ኮርንዎል ያለው እንግሊዝ ነው እያልኩ ማስረዳት ነበረብኝ። እኔ! ሮርላክም ከኋላዬ ሆኖ ፈገግ ያለ መሰለኝ።

ማታ።

አንደኛ ረዳትነቱ ለሮርላክ ሲሰጥ በጣቢያው ብዙ የቆየሁት እኔ ነበርኩ። በዚህ ቅር ብሎኝ አያውቅም። ከሹመቱ ጋር ሰፊው ቤት ሄደለት፤ ከእኛ በሁለት ክፍል ይበልጣል። በዚህም ቅር አላለኝም። ዛሬ እንዲያው ትዝ አለኝ።

ኦገስት 28፣ ዓርብ

ከተማ ወርጄ ጸጉሬን ተስተካከልኩ። ፀጉር አስተካካዩ ጊልፊላን ምላሱ ከመቀሱ ይፈጥናል።

«ያ ጀርመን ጓደኛህ ሌሊት ሌሊት እዚያ ላይ ምን ይሠራል?»

«ጓደኛዬ አይደለም፤ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ከዋክብት ይመለከታል።»

«ደመና ሲሆንስ?»

«ደመና ሲሆንም አንዳንዴ መብራቱ ይበራል» አልኩት። እውነት ነው፤ ደመናው እስኪገለጥ ይጠብቃል ወይም መስታወቶቹን ያጥባል። ይህንንም ልነግረው ነበር፤ ግን ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ ነበር። ከወንበሩ ስነሳ ወሬው ወደ ፈረስ ውድድር ዞሯል።

ሴፕቴምበር 3፣ ሐሙስ

የከተማው ጋዜጣ ላይ ደብዳቤ ወጣ። «ንቁ ዜጋ» ብሎ የፈረመ ሰው የጻፈው ነው። በኮረብታው ላይ ባለው ጉልላት ውስጥ፣ ደመና ሰማዩን በሸፈነበት ሌሊት ሳይቀር፣ መብራት እንደሚበራ፣ ኮከብ በሌለበት ሌሊት ከዋክብት የሚያይ ሰው ለማን ምልክት እንደሚሰጥ ይጠይቃል። አንድ የጀርመን የጦር መርከብ መርከቦቻችንን ልታሰጥም ወደ ህንድ ውቅያኖስ ገብታለች እየተባለ ነው፤ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ስለ ደመናው ሌሊት ከውስጥ ሰው በቀር ማን ያውቃል? ቀኑን ሙሉ ሚስ ፓስኮን በዓይኔ ተከተልኳት። መስታወቷ ላይ ተደፍታ ትለካለች፣ ትጽፋለች፣ ትለካለች። አንዴ ቀና ብላ፣ «ሚስተር ናንኪቬል፣ ፊቴ ላይ አዲስ ኮከብ አገኙ?» አለችኝ። እንዲህ ዓይነት ሰው ከሆነች ደግሞ አትጽፍም፤ ፊት ለፊት ትናገራለች። ዱጋን ይሆን? ዱጋን ፊደል መቁጠሩንም እጠራጠራለሁ።

ለአዳ ነገርኳት። «አንተ ለማንም አልተናገርክም?» አለችኝ። ለማንም አልኳት።

ሴፕቴምበር 12፣ ቅዳሜ

ትናንት ማታ ድንጋይ ተወረወረብን። የፎቶ ክፍሉ መስኮት ሁለት መስታወት ወድቋል። ጠዋት ስደርስ ሮርላክ መጥረጊያ ይዞ ስብርባሪውን እየጠረገ ነው።

«ፐርሲ፣» አለኝ፣ «ሰላይ ብሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ኮት እለብስ ነበር? ክርኑን እየው።»

ኮቱ ክርኑ ላይ ተቀዷል፤ አዳ ናት በሌላ ጨርቅ የጣፈችለት። ልስቅ ነበር፤ ግን በመስኮቱ በኩል ዱጋን ጋሪውን አቁሞ ያየን ነበርና ሳቄን ዋጥኩት።

«አንተ መቼም ታውቀኛለህ» አለኝ።

«አውቅሃለሁ» አልኩት።

ከሰዓት በኋላ በጥቁር ወረቀት የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ነገር ከኮቱ ሥር ይዞ ሲወጣ አየሁት። ከትሩዲ ጋር ወደ ባሕሩ አፋፍ ሄደ። ተከተልኩት። ጥርጣሬ አይደለም፤ አንድ ሰው ማወቅ አለበት ብዬ ነው። አፋፉ ላይ ተቀምጠው ጥቅሉን ፈታ፤ የጠቆረ መስታወት ነው። ለልጅቷ በዚያ ውስጥ ፀሐይን ያሳያታል። ካለሁበት ቦታ እንደዚያ ይመስላል ማለቴ ነው። ከሥራቸው ደግሞ ወደቡ ተዘርግቷል፤ መርከብ የሚቆጥር ሰውም የሚቀመጠው እዚያው ነው።

ድንገት ትሩዲ ዞር አለች። «አጎቴ ፐርሲ፣ ቁጥቋጦው ውስጥ ምን ታደርጋለህ?»

«የጠፋብኝ ዶሮ እየፈለግኩ ነው» አልኳት።

ዶሮ የለንም። ሮርላክ ይህን ያውቃል። ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም አለኝና ፊቱን ወደ ባሕሩ መለሰ።

ሴፕቴምበር 24፣ ሐሙስ

ፖሊሱ ሃኒጋን መጥቶ ጉልላቱን ዞረ። ቴሌስኮፑን ወደ ወደቡ ማዞር ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። ሮርላክ አይቻልም፣ ግድግዳው ይከልላል አለው። ሃኒጋን እኔን አየኝ። አይቻልም አልኩ። ለምን እኔን አየኝ? በእኔ ቢተማመን ነው። ወይም እኔንም ቢጠረጥር ነው። እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ኦክቶበር 9፣ ዓርብ

ዛሬ ማታ በከተማው አዳራሽ ለወታደሮች ድጋፍ ስብሰባ አለ። የመመልከቱ ተራ የእኔ ነው። ሮርላክን ተካኝ ብዬ ለመንኩት። «ሂድ፣» አለኝ፣ «እኔ እዚያ ብሄድ በመስኮት ተወርውሬ ነው የምወጣው።» ሁለታችንም ሳቅን። ከብዙ ጊዜ በኋላ መሆኑ ነው።

ኦክቶበር 10፣ ቅዳሜ

ሮርላክ ጅራታም ኮከብ አገኘ።

ጢሙን ሳይላጭ፣ ውኃው ያልደረቀ መስታወት በሁለት ጣቱ ይዞ ሮጦ መጣ። «ና፣ ና እይ!» በማጉያ አየሁት። እንደ ትንፋሽ ያለች ጭጋግ ናት፤ ከዋክብቱ መካከል ነጥብ መሆን ያቃታት ነገር። በካርታው ላይ በዚያ ቦታ ምንም የለም። መልሼ መላልሼ አየሁት። እውነተኛ ነው፣ አዲስም ነው።

«ተራው ያንተ ነበር፣» አለኝ፣ «ዲሬክተሩ ሲመለሱ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ። በኮከቡ ስም ላይ ስማችን አብሮ ይገባል።»

ሚስተር ኦልዳከር ዋና ከተማ ናቸው፤ ሚኒስትሩን ደጅ እየጠኑ ነው። ሮርላክ ሁለት ሦስት ሌሊት ደግሜ ካላረጋገጥኩ ቴሌግራም አልልክም አለ።

ለአዳ ስነግራት ደስ ብሏት እጄን ያዘችኝ። «ስምህን አብሮ? እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው።» ደግ ነው፤ አልካድኩም። ግን የራሴ ተራ፣ የራሴ ሌሊት፣ ያው ቴሌስኮፕ። በሰው ቸርነት የሚገባ ስም ምን ያደርግልኛል? እኔ ምጽዋት አልጠየቅኩም።

ኦክቶበር 14፣ ረቡዕ

ሮርላክ ከምሳ በፊት ወደ ፖስታ ቤት ወረደ። አልተመለሰም። የሰባት ሰዓቱን ኳስ እኔ ጣልኩ።

ማታ።

ሁሉንም እንደሆነው ልጻፈው።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ሃኒጋን ቤቴ መጣና ወጥ ቤት ተቀመጠ። አዳ ሻይ ጣደች። ከኪሱ የታጠፈ የቴሌግራም ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። አምስት አምስት ሆነው የተደረደሩ ቁጥሮች ናቸው። ሌላ ቃል የለበትም።

«ፖስታ ቤቱ አልልክም ብሎ ሰጠኝ፣» አለ። «ሮርላክ ጅራታም ኮከብ ነው ይላል። እኔ እዚህ ላይ ኮከብ የሚባል ነገር አይታየኝም። እርስዎስ?»

መነጽሬን አደረግኩ።

«የሚላከው ደግሞ ወደ ኮፐንሃገን ነው። ኮፐንሃገን ጀርመን አይደለም?»

«ዴንማርክ ነው።»

«ጎን ለጎን ናቸው አይደል?»

«ጎን ለጎን ናቸው» አልኩት። ካርታው እንደዚያ ነው።

በዓለም ላይ ያሉ የከዋክብት ጣቢያዎች ሁሉ አዲስ ነገር ሲያገኙ ለኮፐንሃገን የሚያስታውቁት እንደዚህ በቁጥር ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ቀኑን፣ ቀጥሎ ያለው ሰዓቱን ይናገራል፤ ከዚያ በሰማይ ላይ ያለበት ቦታ፣ ከዚያ በቀን የሚሄደው መንገድ ይመጣል። መንገድ ላይ ስህተት እንዳይገባ መጨረሻ ላይ የሁሉም ድምር ይጻፋል። ድምሩን በልቤ አረጋገጥኩ።

«እርስዎ ማንበብ ይችላሉ?» አለኝ ሃኒጋን።

«እንዲህ ያለው የአንደኛ ረዳቱ ሥራ ነው፣» አልኩት። «እኔ ሁለተኛ ረዳት ነኝ።»

«እንግዲያው ምን እንደሆነ አይታወቅም ማለት ነው።»

ምንም አላልኩም። ሃኒጋን እርሳሱን ምላሱ ላይ አርሶ ጻፈ። ሻዩን አመስግኖ ወጣ።

አልዋሸሁም። ያልሆነውን ሆነ አላልኩም። ዲሬክተሩ ነገ ከነገ ወዲያ ይመጣሉ፤ ማስረዳት የሳቸው ፋንታ ነው። ደግሞስ ጅራታም ኮከብ መሆኑ ሌላ ነገር አለመሆኑን ያረጋግጣል? ሰው በአንድ ወረቀት ሁለት ነገር ሊልክ ይችላል። ይህን ያሰብኩት ግን ሃኒጋን ከሄደ በኋላ ነው።

ኦክቶበር 16፣ ዓርብ

ሮርላክን ጀርመኖች ወደሚታሰሩበት የደሴቷ ካምፕ ወሰዱት። ልብሱን እንኳ አልቀየረም። ሊና በራችን ላይ ቆመች፤ ግቢ ብላት አልገባ አለች።

«ፐርሲ፣ አንተ ንገራቸው። አንተ ታውቀዋለህ።»

«ዲሬክተሩ ሲመጡ ሁሉም ይስተካከላል» አልኳት።

አዳ ሊናን ይዛት ወደ ቤቷ ሄደች። በግድግዳው በኩል ሲያለቅሱ ሰማሁ፤ የትኛዋ እንደሆነች መለየት አልቻልኩም።

ኦክቶበር 21፣ ረቡዕ

ዲሬክተሩ ተመለሱ። ኮታቸውን ሳያወልቁ ቢሯቸው ውስጥ ወዲያ ወዲህ አሉ። «ሚኒስትሩ ጣቢያው ምን ይጠቅማል ሲሉኝ ነው የመጣሁት። አሁን ደግሞ ሰላይ ተገኘበት ሊሉ ነው። ናንኪቬል፣ የጦር ኃይሉ ጉዳይ ነው፤ እጃችንን አናስገባ። ለጊዜው የሮርላክን ቦታ አንተ ያዝ።»

«ለጊዜው» አልኩ።

«ቴሌግራሙ ምን ነበር?»

«አንድ ነገር አግኝቻለሁ ይል ነበር፣ ጌታዬ። ገና እያረጋገጠ ነበር።»

ከዚህ በላይ አልጠየቁኝም። የጠየቁኝን መለስኩ።

ኦክቶበር 28፣ ረቡዕ

ሥራ በዛብኝ። ሰዓቱ፣ ኳሱ፣ የዝናብ መለኪያው፣ መስታወቶቹ፣ ሁሉም በእኔ ላይ ነው። ትልቁን ቴሌስኮፕ ወደዚያ ወደ ጭጋጉ ለማዞር ጊዜ አላገኘሁም። ሰማዩ ሳምንቱን ሙሉ ጥርት ብሎ ከርሟል።

ሚስ ፓስኮ ስገባ ወሬ ታቋርጣለች። ከማን ጋር እንደምታወራ ግን አላየሁም፤ ብቻዋን ነው የምትቀመጠው። ዱጋን ዛሬ ወተቱን አትርፎ ቀዳልኝ። ጊልፊላን ደግሞ መንገድ ላይ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ «የኮረብታው ሰውዬአችን» አለኝ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ምን ነግሯቸው ይሆን? እኔ ለእሱ ምን አደረግኩለት?

ኖቬምበር 3፣ ማክሰኞ

ከደቡብ አፍሪካ የተላከ ማስታወቂያ ደረሰን። እዚያ ያለ አንድ ሰው አዲስ ጅራታም ኮከብ አግኝቷል፤ በስሙም ተጠርቷል። ቦታው ያው ነው፤ መንገዱ ያው ነው። ዲሬክተሩ ወረቀቱን ይዘው መጡ።

«ይሄ የሮርላክ አይደለም?»

«ይመስላል፣ ጌታዬ።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሽማግሌ ሆነው ታዩኝ። «በዚህ ጣቢያ ዘመኔን ስፈጅ አንድ ጅራታም ኮከብ አግኝተን አናውቅም» አሉ። ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ትተው ሄዱ። ሚስ ፓስኮ ከማጉያዋ ቀና ሳትል፣ «ተራው የማን ነበር ያን ሌሊት?» አለች። የተራ ሰሌዳው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ማየት ትችላለች።

ኖቬምበር 10፣ ማክሰኞ

ያቺን መርከቦቻችንን ስታሰጥም የከረመች የጀርመን መርከብ የእኛው መርከብ አጥፍቷታል። ከተማው ደወል በደወል ሆኗል። እንግዲህ ሰው ይረጋጋል አልኩ።

አዳ ከሥጋ ቤት ስትመለስ ቅርጫቱን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

«ሚስ ፓስኮን አገኘኋት። ቁጥር ብቻ የሆነ ቴሌግራም ምን እንደሚባል ጠየቅኳት። ኮረብታው ላይ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያነበዋል፣ ከባልሽ ጀምሮ አለችኝ።»

«እሷ መቼም ምላሷ…»

«ፐርሲ፣ ታነበዋለህ?»

«ስንት ዓይነት ቁጥር አለ መሰለሽ።»

«ሃኒጋን እዚህ ተቀምጦ ሲያሳይህ ሻይ እያፈላሁ ነበር። ከንፈርህ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ስትደምር ከንፈርህ ይንቀሳቀሳል፤ ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ ነው።»

ሥጋው በሙቀቱ ሳይበላሽ አስቀምጪው አልኳት። ቅርጫቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ወጣች። ሥጋውን ራሴ አስቀመጥኩት።

ኖቬምበር 14፣ ቅዳሜ

ሊና ቤቱን እንድትለቅ ታዘዘች፤ ቤቱ የአንደኛ ረዳቱ ነው። ወንድሟ ከስንዴ እርሻው ጋሪ ይዞ መጣ። አዳ ዕቃ ስትጭንላቸው ዋለች። መጨረሻ ላይ የራሷን ሻንጣ ጫነች።

«የአጨዳ ጊዜ ነው፤ ሰው ያስፈልጋቸዋል» አለችኝ።

«መቼ ትመለሻለሽ?»

«ወዴት?» አለች። «እዚያኛው ቤት አልገባም፣ ፐርሲ። ቁልፉን ተቀበል፣ አትቀበል፣ እኔ አልገባበትም።»

ትሩዲ ጋሪው ላይ ሆና እጇን አወዛወዘችልኝ። ሊና እጇን ያዘችና አወረደችው።

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። አልገባሁም። በሁለቱም በኩል ዝም ያለ ቤት ነው።

ኖቬምበር 18፣ ረቡዕ

ሻምበል ዌረል የሚባል መኮንን መጣ። ወጣት ነው፤ ትሑት ነው። የቴሌግራሙን ቁጥሮች ለሌላ ከተማ የከዋክብት ሰው አሳይቶ የጅራታም ኮከብ ቦታ ነው ተብሏል። «ግን የሮርላክ ፋይል ውስጥ አንድ ፖሊስ የጻፈው አለ፤ በጣቢያው የሚገኙ ባለሙያ ምን እንደሆነ አያውቁም ይላል። እርስዎ ነዎት?»

«ሁለተኛ ረዳት ነበርኩ፣» አልኩት።

«እዚህ የነበረ ሰው፣ ቁጥሩም መብራቱም የዘወትር ሥራ እንደሆነ ፈርሞ ቃሉን ቢሰጥ ጉዳዩ ያልቃል። ዲሬክተሩ አልነበሩም። ከረዳቶቹ ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሰውየው ቢወጣ ወደ ሥራው ይመለሳል።»

ሳምንት ሁለት ሳምንት ስጠኝ አልኩት። ምን አስቦ ነው ግን «ወደ ሥራው ይመለሳል» ያለኝ? ሊያየኝ ፈልጎ ነው። ፊቴን እያየ ነው የተናገረው።

ኖቬምበር 29፣ እሑድ

ወደ ደሴቷ ሄድኩ። ጀልባው በሚስቶችና በልጆች ተሞልቷል፤ ሁሉም ጀርመንኛ ሹክ ይላሉ፣ እኔን ሲያዩ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራሉ። የማን ባል እንደመሰልኳቸው እንጃ።

ሮርላክ ከስቷል፤ አፍንጫው በፀሐይ ተልጧል። በሽቦው አጠገብ ባለ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ሰላምታ ሳንጨርስ፣

«አየኸው?» አለኝ።

«አየሁት።»

«በትልቁ ቴሌስኮፕ ምን ይመስላል?»

«ጥሩ ነው። ጅራቱ ረዝሟል።»

ፊቱ በራ። «ማክሰኞ ማታ በዚያች ደማቅ ነጭ ኮከብ አጠገብ ሲያልፍስ? ምን ያህል ቀረባት?»

«ከበታቿ ነው ያለፈው፣» አልኩት። «በጣም ቀርቧት።»

ወሬውን የቀጠለው በዝግታ ነው። «ድንኳናችን ውስጥ አንድ ዳቦ ጋጋሪ አለ። በሕይወቱ ጅራታም ኮከብ አይቶ አያውቅም። ማክሰኞ ሁላችንንም ቀስቅሶ አስወጣን፤ በባዶ ዓይን ነው ያየነው። ከበላይዋ ነው ያለፈው፣ ፐርሲ። ብዙ ርቀት ከበላይዋ።»

እኛ ጋ ደመና ነበር አልኩት። አለመመልከቴን ለማስረዳት ነው፤ ግን አየሁት ብዬው ነበር። ሁለቱም ንግግሮቼ መካከላችን ላይ ቆሙ። ሮርላክ መሬቱን በጫማው ጫረ።

«የደቡብ አፍሪካው ሰውዬ ስም ቆንጆ ነው፣» አለ። «ለኮከብ ይሆናል። ሮርላክ–ናንኪቬል ቢባል ኖሮ ማን ይጠራው ነበር?»

አልሳቅኩም። እሱም አልሳቀም።

ከዚያ ዞሮ አየኝና ጠየቀኝ፦ «ሃኒጋን ወረቀቱን ሲያሳይህ ምን አልከው?»

«ምንም አላልኩም» አልኩት።

እውነቴን ነው። ሮርላክ ግን የጠየቀውን ሁሉ እንዳገኘ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ሊቆጣ ይችላል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ለቁጣው መልስ ነበረኝ። አልተቆጣም። የመሄጃ ፊሽካ ሲነፋ እጄን ጨበጠኝና፣ «አዳን ሊናን ስለያዘችልኝ አመስግንልኝ» አለ። አዳ ቤቴ እንደሌለች ያውቃል ማለት ነው።

በጀልባው ላይ አንዲት ሴትዮ፣ «ወንድምዎ ነው?» አለችኝ። ጎረቤቴ ነው አልኳት።

ዲሴምበር 3፣ ሐሙስ

ሮርላክ ከገና በፊት ይፈታል። እኔ ከሰኞ ጀምሮ ወደ ጣቢያው እንዳልመጣ ተነግሮኛል፤ ቁልፎቼን ለሚስ ፓስኮ አስረክቤያለሁ። ቆጥራ ተቀበለችኝ። የሆነው እንዲህ ነው።

ሻምበል ዌረል ከምሳ በኋላ መጣ። ዲሬክተሩም አብረውን ተቀመጡ። ሻምበሉ ቃሌን አስቀድሞ በወረቀት አዘጋጅቶት ነበር፤ አነበበልኝ። ቁጥሮቹ የጅራታም ኮከብ ቦታ ናቸው፤ መብራቱ የሥራ መብራት ነው፤ ሮርላክ ያደረገው ማንኛችንም የምናደርገውን ነው።

«ልክ ነው?»

«ልክ ነው።»

ዲሬክተሩ እፎይ አሉ። «እንግዲህ ሚስተር ናንኪቬል ያኔ በድንጋጤ አልተረዳውም፤ ቆይቶ፣ የደቡብ አፍሪካው ማስታወቂያ ሲመጣ አመሳክሮ ደረሰበት። አይደለም?» አሉና በዓይናቸው አዎ በል አሉኝ። ደግ አስበው ነው። ለእኔም ለጣቢያውም።

ሻምበሉ ብዕሩን አነሳ። «እንደዚያ ብዬ ልጨምርበት? ቆይተው ነው የደረሱበት?»

አዎ ማለት ይቻል ነበር። አንድ ቃል ናት። እንደተለመደው ዝም ብልም ሻምበሉ አዎ ብሎ ይጽፈው ነበር፤ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ ነበር።

«አይደለም፣» አልኩት። «ሃኒጋን ጠረጴዛዬ ላይ የዘረጋው ቀን ነው ያነበብኩት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ድምሩንም አረጋግጫለሁ።»

ዲሬክተሩ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሻምበሉ ብዕሩን ከወረቀቱ ላይ አነሳ። ሲናገር ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረበትም፤ ማወቅ የፈለገ ሰው ድምፅ ነው።

«ልክ ነበር?» አለኝ። «ድምሩ?»

«ልክ ነበር» አልኩት።